ቁልቁለት የጠላች ጎሽ

«ሆዷ ተነፍቷል ስልህ! የሰናፍጭ ዘይት ካገኘች ትድናለች!» አለ ዳርያ።

«ሃያ ቀን ሙሉ ግታችኋት ድናለች?» አለ የእንስሳት ሐኪሙ ኦምቪር።

«ዘይቱ አንሷት ይሆናላ!»

ከገለባው ክምር ጥግ የትምባሆ ጋያቸውን ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳቁ። ባርፓይ ሻሿን እስከ አገጯ ጎትታ ከአማቷ ጀርባ ቆማለች። ዳርያ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱ ባለበት ፊቷም ድምፅዋም አይወጣም። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ከሄደ ሦስተኛ ወሩ ነው። ጎሿን ግን ባርፓይ ስትዳር ከአባቷ ቤት ይዛት የመጣች ናት፤ በዚህ ግቢ «የኔ» የምትለው ሌላ ነገር የላትም። ጎሿ ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር።

«ማን ነው የሚያልባት?» አለ ሐኪሙ።

«ሴቶቹ ናቸው። እነሱ ምን ያውቃሉ? እኔን ጠይቀኝ።»

«እሺ፣ ወደ ኩሬው ስትወርድ እንዴት ያደርጋታል?»

ዳርያ ጢሙን ጠቀለለ። ጎሿን ተከትሎ ኩሬ ወርዶ አያውቅም። «እንደ ማንኛውም ጎሽ ነዋ!»

ባርፓይ በአማቷ ጆሮ አንሾካሾከች፤ አሮጊቷ ቻሜሊ ጮክ ብላ ተናገረችላት። «ሽቅብ ደህና ትሄዳለች ትልሃለች፣ ልጄ። ቁልቁል ሲሆን ነው የምታቃስተው። የፊት እግሮቿን ወደ ውጭ ከፍታ ትቆማለች። ገና በመጀመሪያው ቀን ተናግሬ ነበር ትልሃለች።»

«ጎሿም እንደ ባለቤቷ ሰነፍ ናት ብያለሁ» አለ ዳርያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። ሳቁለት።

ባርፓይ በስሱ ሻሽ ውስጥ አየችው። ቀለም የተቀባ ጢም፤ እበት ነክቶት የማያውቅ ጫማ። ይሄ ሰው የጎሽን ጭራ ከቀንዷ የሚለየው በየቦታቸው ስለበቀሉለት ብቻ ነው አለች በልቧ።

ሐኪሙ ጎሿን ከትከሻዋ በላይ ቆንጥጦ ጫን አላት። ጤነኛ ብትሆን ጀርባዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ እሷ ግን ደርቃ ቆመች። ሁለት ሰዎች ዱላ ከደረቷ ሥር አሳልፈው ቀና ሲያደርጓት አቃሰተች። የአንገቷ ደም ስር እንደ አውራ ጣት አብጧል፤ ፍርምባዋ ውሃ ቋጥሯል። ማዳመጫውን ከክርኗ ኋላ ለጥፎ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ሽቦ ውጣለች» አለ። «ሆዷን በስቶ ልቧ ጋ ደርሷል። ቁልቁለት የጠላች ቀን ብትጠሩኝ ከፍቼ አወጣው ነበር። አሁን ለጥጃውም አትደርስም።»

«ምን ሽቦ? የዚህችው መስፊያ መርፌ ነው እንጂ!» አለ ዳርያ ወደ ባርፓይ እየጠቆመ።

ሐኪሙ ከገለባው ሥር ያለውን አመድ በዱላው ጫረው። ሽማግሌዎቹ ብርዱን ያሳለፉት አሮጌ የመኪና ጎማ እያነደዱ ነው፤ ፀጉር የመሰለ የጎማ ሽቦ ከአመዱም ጎሿ ከምትበላው ገለባም እየተጎተተ ወጣ።

«ጎማውን ያመጣው ፉሌ ነው!» አለ ዳርያ።

«እዚህ አንድዱት ያልከው አንተ አይደለህ?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆነው ፉሌ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ። «ነፋስ አያገኘንም ያልከውስ አንተ አይደለህ?»

ሐኪሙ ጎሿን የሕመም ማስታገሻ ሲወጋት ባርፓይ እጇን በጎሿ ግንባር ላይ አድርጋ ቆየች። ዳርያ አንዴም ዞር ብሎ አላያቸውም። መርፌው ሲያልቅ ባርፓይ ክፍሏ ገባች፤ ሁለት ልብስ በጨርቅ ቋጥራ ወጣችና ወደ ወንድሟ መንደር የሚሄደው አውቶብስ ወደሚቆምበት መንገድ አቀናች።

«የትራክተር ጎማ እኮ ሽቦ የለውም» ይላል ዳርያ ከኋላዋ፣ ገና ከፉሌ ጋር እየተከራከረ።

«የትራክተር ነው ያለህ ማነው?» ይላል ፉሌ።