በወተት የሚዋጥ ክኒን

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ጡረታ ስወጣ ግን የምነሳበት ምክንያት ጠፋኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እስከ ረፋድ እተኛ ጀመር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ታመመችና የአንገቷ ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ዕጢው ይሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኳን እንድትወስድ ታዘዘላት።

ያኔ ሥራ አገኘሁ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብድግ ብዬ ወተት አሞቃለሁ፤ ክኒኗን ለአጥንቷ ከታዘዘላት ካልሲየም ጋር በሳህን አድርጌ አልጋዋ ድረስ እወስዳለሁ። የተማርኩ ይመስል፣ "መድኃኒት በባዶ ሆድ አይወሰድም" እላታለሁ። እሷም ፈገግ ብላ ትውጣለች።

ወር በወር ላይ ሲጨመር ግን እየደከመች ሄደች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ትደርባለች፣ ስፌት መኪናው ላይ እንዳለች እንቅልፍ ይጥላታል። አንድ ቀን ሁለቱንም እጅጌ በአንድ ወገን ሰፍታ አገኘኋት። እሷ ሳቀች፤ እኔ በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ። ሐኪሙ ደሟን እያስመረመረ መጠኑን ሁለት ጊዜ ጨመረላት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ውጤቱን አይቶ፣ "እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ክኒኑን ይወስዳሉ?" አላት።

ደሜ ፈላ።

"እኔ ነኝ በእጄ የምሰጣት" አልኩት። "አንድ ቀን አልዘለልኩም።"

"በምን ነው የሚሰጧቸው?"

"በወተት ነዋ፣ ከካልሲየሙ ጋር። በደረቁ ትዋጠው እንዴ?"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ይህ ክኒን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ነው የሚዋጠው አለኝ። ቁርሱም ወተቱም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ካልሲየሙ ደግሞ አራት ሰዓት ይርቀዋል። አለዚያ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ሰውነቷ አይገባም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ወር ያዳከምኳት እኔው ነኝ።

"መድኃኒት ቤት አልነገሯችሁም?" ሲል ጠየቀ።

"ነግረውኛል" አለች ባለቤቴ። "ገና በመጀመሪያው ቀን።"

ዞር ብዬ አየኋት። "ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

መልሱን የሰጠችው ለእኔ ሳይሆን ለሐኪሙ ነበር፤ ዓይኗን ጭኗ ላይ ካረፉት እጆቿ አላነሳችም። "ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሳው ያ ወተት ብቻ ነበር። ብነግረው ተመልሶ ይተኛብኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ ትንሽ ብደክም ምን አለበት አልኩ።"

"ትንሽ አይደለም እናቴ፤ ልብዎን ሳይቀር ይጎዳል" አላት ሐኪሙ፣ ረጋ ብሎ። ክኒኑን በወጉ ስትወስድ የተጨመረው መጠን ይበዛባታል፣ ልቧንም በኃይል ያስመታባታል ብሎ ወደ ቀድሞው መለሰላት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሟ እንዲታይ ቀጠረን። በራሳችን ሥልጣን እንዳንጨምርም፣ እንዳንቀንስም፣ እንዳናቋርጥም አስጠነቀቀን።

ኮሪደሩ ላይ ልቆጣት ብዬ ተውኩት። "ስሚ" አልኳት። "ልታስነሺኝ ከፈለግሽ ቀስቅሺኝ። ካሻሽ ውኃ ድፊብኝ። ታመሽ ግን አታስነሺኝ።"

"ስትቀሰቀስ እኮ ነብር ነህ።"

"ነብርም ብሆን ቀስቅሺኝ።"

በማግስቱ ማለዳ ራሷ ተነስታ ክኒኗን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዋጠች። ከዚያ መጥታ ብርድ ልብሱን ገፈፈችኝ። የማሞቀው ወተትም ሆነ የማቀርበው ሳህን አልነበረም። ተነሳሁ።