የቡዜ ጣቶች

የሻይ ብርጭቆውን የተቀበለችው ሳታስበው በአንድ እጇ ነበር። ቡዜ ይህን ያስተዋለችው ግማሹን ከጠጣች በኋላ ነው። በግራና በቀኝ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ስለ ሟቹ ባሏ ስለ ጉርሜሳ ደግነት ያወራሉ፤ እሷ ግን ብርጭቆውን የከበቡትን ጣቶቿን ታያለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ የምታነሳው በሁለት መዳፎቿ መሀል አጣብቃ ነበር።

እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ጣቶቿን ቀስ ብላ አጠፈቻቸው። ታጠፉ። ዘርግታ ደግማ አጠፈቻቸው። ልቧ እንደ ልጃገረድ ልብ ይዘል ጀመር። ዞር ብላ «ጉርሜሳ» ልትል አፏን ከከፈተች በኋላ የተቀመጠችው በእሱ ለቅሶ ላይ መሆኑ ትዝ አላት።

በሽታው ሲጀምራት ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ እንደ እንጨት ደርቀው ያድሩና ፀሐይ ሞቅ እስክትል አይላወሱም ነበር። ቀጥሎ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች አበጡ፤ ጉልበቷም ተከተለ። ወጌሻ አሻት፣ ባሰባት። ጸበልም ተመላለሰች። በመጨረሻ ጋሪ ነጂው ጉርሜሳ ጋሪው ላይ ጭድ ጎዝጉዞ፣ ከሀና ማርያም እስከ ብስራተ ገብርኤል አደረሳትና ከዚያ በአውቶቡስ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ዶክተር አባይነህ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ። «ወለምታም ብርድም አይደለም» አላት። «ሰውነታችን በሽታ የሚከላከልበት ኃይል አለው። የእርስዎ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያዎን እየወጋ ነው።»

ለሕመሙና ለእብጠቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ አስፕሪን፣ በሽታውን ራሱን ለማብረድ ደግሞ ክሎሮኪን አዘዘላት።

«ክሎሮኪን የወባ አይደለም እንዴ?» አለ ጉርሜሳ።

«ለዚህም ይሠራል። ቶሎ ግን አይደለም፤ ወራት ይፈጃል። የጠመመውን አያቃናም፣ የቀረውን ግን ሊያተርፍ ይችላል። ዓይናቸውንም በየጊዜው እናያለን።»

ወራቱ ረዘሙ። የኪኒኑ ምሬት አንገሽግሿት አንድ ቀን ልትጥለው ስትል ጉርሜሳ አንዷን ፍሬ ምላሱ ላይ አደረገ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እንዲህ የመረረ ነገር ዝም ብሎ አልተሠራም» አላት እየተፋ። እስኪያማት ሳቀች። «የሠራልሽ ቀን መጀመሪያ የምትነግሪው ለእኔ ነው። መንገድ ላይ ብሆንም ሰው ላኪብኝ።»

ከሦስት ቀን በፊት ግን ሰዓት እላፊ ሳይደርስ እገባለሁ ብሎ ፈረሱን ሲያስሮጥ፣ ፉሪ ቁልቁለት ላይ ጋሪው ተገለበጠበትና ሞተ።

አሁን እድርተኛው በተከለው ድንኳን ውስጥ ቡዜ ጣቶቿን ነጠላዋ ሥር ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ደስታው ከደረቷ ወጥቶ ፊቷ ላይ እንዳይታይ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን አመለጣት።

«ፈገግ አለች፣ አየሻት?» አለች ጎረቤቷ ሸዋረገድ ወደ አጠገቧ ሴት ጠጋ ብላ።

የጉርሜሳ ታላቅ እህት ሞልቱ ሰማች። ተነሥታ ቡዜን ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«ወንድሜን አፈር አልብሰን ሳናበቃ ምን ያስቅሻል?»

ቡዜ እጇን አወጣች። ጨበጠች፣ ከፈተች፣ መልሳ ጨበጠች። «እዪው እትዬ ሞልቱ። ይታጠፋል።»

ሞልቱ ጎንበስ ብላ ጣቶቿን አየች። «ይሄን የወባ ኪኒን ተይው፣ ይገድልሻል» ስትል የከረመች እሷ ነበረች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዛሬ ጠዋት። ትናንትም ሳይሻለኝ አልቀረም፣ ልብ ሳልል ነው እንጂ። ደስታው መቀመጫ አሳጣኝ። መንደሩን እየዞርኩ ሁሉንም ሰው ብጨብጥ ደስ ይለኛል። ሐዘን ላይ መሆኔን አጥቼው አይደለም፣ እትዬ። ግን ለማን ልንገረው?»

«ለእኔ ነገርሽኝ እኮ» አለች ሞልቱ። ድምፅዋ ተሰበረ። «ኪኒኑ አልቋል?» አለቻት።

«ትንሽ ቀርቶኛል። ዶክተሩ ተሻለኝ ብዬ እንዳላቋርጥ ነግሮኛል፤ ይመለሳል አለ።»

«እንግዲያው ቀጠሮሽ ሲደርስ እኔ እወስድሻለሁ።» ሞልቱ እጇን ዘረጋችላት። «እስቲ ያዢኝ።»

ቡዜ ያዘቻት። መጀመሪያ ለሙከራ ያህል ነበር። ቀጥሎ ጠበቅ አደረገች። ከዚያ ባላት ጉልበት ሁሉ ጨበጠቻት፤ ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባም በጉንጮቿ ላይ ወረደ።

«አመመኝ» አለች ሞልቱ በለሆሳስ። እጇን ግን አልሳበችም።

ቡዜም አልለቀቀቻትም።