የንጉሠ አዕዋፍ ቀሚስ

ልቡናው የቀና፣ እዝነ ኅሊናው የነቃ አንባቢ ሆይ፤ አበው ለውሉድ ያወረሱት የከበረ ነገር ሁሉ፣ ወርቅም ቢሆን ፈትል፣ ሁለት ጠላት እንዳለው ሳታስተውል አልቀረህም። አንደኛው በመጽሐፍ የተነገረው ብልና ዝገት ነው፤ እርሱንስ ሣጥን ይከለክለዋል፣ ጥንቃቄም ያርቀዋል። ሁለተኛው ግን በሣጥን የማይከለከል፣ በቁልፍም የማይታገድ፣ በወራሹ ልብ ውስጥ የሚያድር ፍርሃት ነው፤ ይኸውም «በእኔ ዘመንና በእኔ እጅ ይጠፋ ይሆን?» የሚለው ነው። ብል የሚበላው ልብሱን ነው፤ ይህ ፍርሃት ግን የሚበላው ጠባቂውን ነው። በዚህ ነገር ስለ ተፈተኑ፣ በምዕራብ ባሕር መካከል በምትገኘው በአየርላንድ ደሴት ስለ ኖሩ ሁለት ሴቶች፣ አማትና ምራት፣ የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነው እንተርክልሃለን።

የምድር ባቡር ጩኸት ገና ባልተሰማበት ዘመን፣ ነፋሱ ከውቅያኖስ እየተነሣ የድንጋዩን ቤት ሁሉ በሚደበድብባት፣ ዝናቡም ሰባት ቀን ዘንቦ በስምንተኛው ቀን እንደ አዲስ በሚጀምርባት ኪልቫራ በምትባል መንደር፣ ወይዘሮ ግራንያ የሚባሉ ግርማ ያላቸው፣ ቃላቸው ጥቂት፣ ዐይናቸው ብዙ የሚናገር ባልቴት ነበሩ። የዚያ አገር ሴቶች ኪሮሽ ይዘው ከነጭ ፈትል ዳንቴል ሲሠሩ አብነታቸውን የሚቀዱት ከመጽሐፍ አልነበረም፤ ከሜዳና ከአጥር፣ ከወንዝ ዳርና ከአበው ተረት ነበር እንጂ። አንዲቱ ቤት የዱር ጽጌረዳን፣ ሁለተኛይቱ የእንጆሪን ፍሬ፣ ሦስተኛይቱ የቀንድ አውጣን ጠመዝማዛ ቤት በፈትል የመሥራት ምሥጢር ነበራት፤ ይህንም እናት ለልጅዋ፣ አማትም ለምራትዋ ጣት በጣት ላይ ጭና ታስተምራለች እንጂ ለጎረቤት አታሳይም። የወይዘሮ ግራንያ ቤት ምሥጢር ግን ወፍ ነበረች። አዕዋፍ ንጉሥ ሊመርጡ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ይላል የአገሩ ተረት፣ «ከሁሉ ከፍ ብሎ የበረረ ይንገሥ» ተባባሉ፤ ንስርም ከሁሉ በላይ ወጣ፤ ነገር ግን ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት ቡናማ ወፍ በላባው ውስጥ ተሸሽጋ ኖራ፣ ንስሩ በደከመ ጊዜ ከጀርባው ተነሥታ ጥቂት ከፍ አለችና ነገሠች። ይህች ወፍ፣ ክንፍዋ ከእኅትዋ ክንፍ ጋራ ተያይዞ፣ በአንድ የሕፃን የክርስትና ቀሚስ ዐንገትጌ ዙሪያ ተሠርታ ነበር። የቀሚሱም ዘርፍ ቅዱስ ፓትሪክ ምሥጢረ ሥላሴን አስተማረባት በምትባለው በባለ ሦስት ቅጠሊቱ ሣር ያጌጠ ነበረ። መቶ ዓመት ሆነው ይባል ነበር፤ የዚያም ቤት ልጅ ሁሉ በእርሱ ተጠመቀ። ከመንደሩ ፊት ለፊት ባለው ጉብታ ሥር የሚኖሩት፣ ስማቸውም በከንቱ የማይጠራው እነዚያ ስውራን ፍጥረታት፣ ያልተጠመቀ ሕፃን ከእናቱ ጎን ይወስዳሉ እየተባለ ይፈሩ ነበር፤ ይህን ቀሚስ የለበሰ ግን አይነካም ተብሎ ይታመን ነበር።

የወይዘሮ ግራንያ አንድያ ልጅ ኮልማን ዓሣ አጥማጅ ነበረ፤ ሚስቱም ማሬድ ከሩቅ ወረዳ የመጣች፣ አንደበተ ለስላሳ፣ እጀ ብልኅ፣ ነገር ግን ልበ ፈሪ ሴት ነበረች። በዘጠኝ ዓመት ትዳርዋ ልጅ ስላልወለደች በአማትዋ ቤት እንደ እንግዳ እግርዋን ሰብስባ ኖረች፤ ማንም ክፉ ቃል ሳይናገራት፣ ሰው ዝም ባለ ቍጥር ስለ እርስዋ ዝም ያለ ይመስላት ነበር። በዐሥረኛው ዓመት ግን፣ በግንቦት ወር፣ የአጥሩ እሾሃማ ዛፍ ሁሉ ነጭ አበባውን በለበሰ ጊዜ፣ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኒቱም ቀንዋ ሳይሞላ ስለ መጣች፣ በአባትዋ ባርኔጣ ውስጥ ብትተኛ እንኳ አትሞላውም ነበር። ክርስትናዋ ለሚመጣው ሳምንት እሑድ ተቈረጠ፤ ስምንት ቀንም ሲቀረው ወይዘሮ ግራንያ ሣጥናቸውን ከፈቱና ቀሚሱን በሁለት እጃቸው አውጥተው ለምራታቸው ሰጡ። «በምንጭ ውኃ እጠቢው፤ በአጥሩም ላይ ፀሐይ አሳዪው። ከእንግዲህ ወዲህ ጠባቂው አንቺ ነሽ» አሏት። ይህንም ሲሉ፣ ማሬድ ያን ጊዜ ምክንያቱ ባይገባትም፣ ወደ ቀሚሱ ሳይሆን ወደ መሬት ይመለከቱ ነበር።

ማሬድም እንደ ታዘዘችው አደረገች። የታጠበውን ቀሚስ በአበባው ላይ በዘረጋችው ጊዜ፣ የትኛው የዛፉ አበባ፣ የትኛውም የሰው እጅ ሥራ እንደ ሆነ ለዐይን እስኪያዳግት ድረስ አንድ ሆነ፤ እርስዋም ቆማ አየችውና «ዛሬ በእውነት የዚህ ቤት ሰው ሆንሁ» ብላ በልብዋ ሐሤት አደረገች። በዚያች ሰዓት ሕፃኒቱ አለቀሰች፤ እናትም ሮጠች። አጥብታና አስተኝታ ተመልሳ በወጣች ጊዜ ግን፣ የጎረቤት ፍየል በኋላ እግሮችዋ ቆማ የንጉሠ አዕዋፍን ሠራዊት ስታመነዥክ አገኘቻት። ማሬድ ብትጮኽም ፍየሊቱ አልደነገጠችም፤ በአፍዋ ያለችውን ክንፍ እንደ ሊቅ በዝግታ አላምጣ ዋጠችና በክብር ወደ ሜዳዋ ሄደች። ከቀሚሱ ዘርፉ ተርፎ ነበር፤ ደረቱ ግን ተቦጭቋል፤ በዐንገትጌው ዙሪያ ከነበሩት ዐሥራ ሁለት ወፎችም አንዲት ብቻ ቀርታለች።

ያን ጊዜውኑ ገብታ ብትናገር ኖሮ ነገሩ በአንድ ልቅሶ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥፋትዋን ስትጠብቅ የኖረች ሴት ጥፋትዋ በመጣ ጊዜ አንደበት አታገኝም፤ ቀሚሱን በሽርጥዋ ሸፍና ከማገዶ ቤት አስገባችው። አማትዋ «ደረቀን?» ብለው ቢጠይቋት «ደርቋል፤ አጥፌ አስቀምጨዋለሁ» አለች፤ ይህችም ሐሰት የመጀመሪያይቱ ስለ ነበረች እኅቶችዋን ሁሉ እየጠራች አስከተለች። ከዚያ ወዲህ ባሉት አምስት ቀኖች፣ ሕፃኒቱ በተኛች ቍጥር፣ ማሬድ ከማገዶው ክምር ኋላ ተቀምጣ በኪሮሽዋ ትደክም ነበር። ደረቱን ጠገነችው፤ ባለ ሦስት ቅጠሉንም ሣር እንደ ቀድሞው አስመሰለችው፤ ወፊቱ ግን እንቢ አለቻት፤ ክንፍዋ ከደረትዋ ጋራ የሚያያዝበትን ጥበብ የምታውቅ የዚያ ቤት እመቤት ብቻ ናትና። በመጨረሻም ያቺን የተረፈችውን አንዲት ወፍ ክር በክር ፈታቻት፤ የምሥጢሩን በር ልትከፍት ቤቱን አፈረሰች፤ ፈትሉም በጭንዋ ላይ ተከመረ እንጂ ምንም አልነገራት። በገዛ ብልኀትዋ ብትሞክርም የመጀመሪያይቱ ዶሮ መሰለች፤ ሁለተኛይቱም ዶሮ መሰለች፤ ሦስተኛይቱ ግን ከብዙ ድካምና ጸሎት በኋላ የሰባች ዶሮ ሆነች።

በሐሙስ ቀን ቀትር ላይ የሕፃኒቱ ገላ እንደ እሳት ጋለ፤ ጡትም አልይዝ አለች። የዱር ጽጌረዳው ምሥጢር ባለቤት የሆኑት ጎረቤት ወይዘሮ ኔል ገብተው አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይህች ነፍስ እስከ እሑድ መጠበቅ የለባትም፤ ዛሬውኑ ትጠመቅ» አሉ። ኮልማንም ቄሱን አባ ሎርካንን ሊጠራ እየሮጠ ወጣ፤ ወይዘሮ ኔልም የምትጠመቅበትን ውኃ ሊቀዱ ወደ ምንጩ ሄዱ። በቤት ውስጥ አማትና ምራት ከታመመችው ልጅ ጋራ ብቻቸውን ቀሩ። «ልጄ፣ ቀሚሱን አምጪ» አሉ ወይዘሮ ግራንያ። ማሬድም በመስኮቱ ወደ ጉብታው አየች፤ ሣሩ በነፋስ ሲያዘነብል እጅ የሚዘረጋ መሰላት፤ በእርስዋ ሐሰት ምክንያት ልጅዋ ልትወሰድባት እንደ ሆነ አሰበችና ከዚያ በኋላ አማትዋን መፍራት አልቻለችም፤ ታላቁ ፍርሃት ታናሹን ውጦታልና። ሄዳ ቀሚሱን አመጣች፤ በአማትዋም እግር ሥር ተንበርክካ ዘረጋችው።

«እሜቴ» አለች፤ «የእናቶችዎን መቶ ዓመት በእኔ እጅ አጥፍቻለሁ። በአጥሩ ላይ ሳለ ፍየል በላው። እርስዎንም አምስት ቀን ሙሉ ዋሸሁ። በእኔ ኀጢአት ልጄ እንዳትቀጣ እርስዎ እንደሚያውቁ ያድርጉላት፤ ከዚያ በኋላ ከቤትዎ ቢያስወጡኝ አልከራከርም።»

ወይዘሮ ግራንያ ቀሚሱን አንሥተው በጕልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ በተጠገነው ደረት ላይ ጣታቸውን አሳለፉ፤ በዐንገትጌው ላይ ከተሰፉት ዶሮዎችም ዘንድ በደረሱ ጊዜ ቆሙ።

«ፍየል ነው ያልሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎን፣ እሜቴ።»

«በእኔ ጊዜ ጥጃ ነበረ።»

ማሬድ ቀና ብላ አየቻቸው። የእኒያ ግርማ ያላቸው ባልቴት ከንፈር እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ከልቅሶ ይሁን ከሳቅ ለራሳቸውም የታወቃቸው አይመስልም። «ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው» አሉ፤ «ለኮልማን ክርስትና ከዚያው አጥር ላይ አሰጣሁት፤ ጥጃውም ከዐንገትጌው እስከ ዘርፉ ጠቅልሎ በላው፤ ላንቺስ ዘርፉ ተርፎልሻል። አማቴ ያን ጊዜ ዐይናቸው ደክሞ ነበር። በሰባት ቀን ሌላ ሠርቼ በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም በጣታቸው ዳስሰው ‹የድሮ ሰው እጅ እኮ አይመሰልም› አሉኝ። እውነቱን ሳልነግራቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሰው ይህን ቀሚስ ባመሰገነ ቍጥር በቤቴ ውስጥ እንደ ሌባ ቆሜአለሁ፤ ላንቺም ስሰጥሽ ዐይንሽን ማየት አልቻልሁም።»

«ወፊቱንስ ማን አስተማረዎት?» አለች ማሬድ።

«ማንም አላስተማረኝም። የጥንቷን ጥጃው ከነምሥጢርዋ ዋጣት። እንዲያው ሳስብ፣ ስሠራ፣ ስፈታ ተገኘች። አንቺስ ከእኔ ትሻያለሽ፤ ያንቺ ዶሮ ትመስላለች፤ የእኔ የመጀመሪያይቱ እንቍራሪት ነበረች።»

በዚያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸውም እየበረታ ሄዶ ወደ ልቅሶ ተመለሰ፤ ልቅሶውም እንደ ገና ወደ ሳቅ። ወይዘሮ ግራንያም ምራታቸውን ከወለሉ አንሥተው አቀፏት፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ አቅፈዋት አያውቁም ነበር። አባ ሎርካን በደረሱ ጊዜ ሕፃኒቱ ያን የተቦጨቀና የተጠገነ፣ በዐንገትጌው ላይ ሦስት ዶሮዎች የተሰለፉበትን ቀሚስ ለብሳ በአያትዋ ክንድ ላይ ነበረች። ቄሱም «ኢታ» ብለው ሰየሟት፤ ውኃው ራስዋን በነካ ጊዜ ሕፃኒቱ አስነጠሰችና፣ ከተወለደች ጀምሮ ያልተሰማ፣ ቤቱን ሁሉ ያናወጠ የቍጣ ጩኸት ጮኸች። «ይህ የሚሞት ሰው ድምፅ አይደለም» አሉ አባ ሎርካን። ፀሐይ ሳትጠልቅም ላብ አጠመቃት፤ ትኵሳቱ ለቀቃት፤ የእናትዋንም ጡት ይዛ ጠገበች። ማሬድ ያን ጊዜ ወደ መስኮቱ ብትመለከት ጉብታው ጉብታ ብቻ፣ ሣሩም ሣር ብቻ ሆኖ አገኘችው።

እሑድ ለድግሱ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበ ጊዜ፣ የቀሚሱ መጠገን ምን ሊያስወራ እንደሚችል እያሰበች ማሬድ አንገትዋን ደፍታ ነበር። ወይዘሮ ግራንያ ግን ተነሥተው ቆሙ፤ የጥጃውንም የፍየሊቱንም ዜና፣ የገዛ ራሳቸውን የሠላሳ ስምንት ዓመት ሐሰት ጭምር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ኮልማንም እናቱን እንደ አዲስ ሰው ያያቸው ነበር። ከዚያም ወይዘሮ ኔል ጕሮሮአቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ቀኑ የኑዛዜ ቀን ከሆነ» አሉ፤ «የእኛ ቤት ጽጌረዳ የአያቶቻችን ነው የምለው፣ እኔው ራሴ ከሳሙና መጠቅለያ ላይ የቀዳሁት ነው።» በዚህ ጊዜ የተነሣው ሳቅ እስከ ባሕሩ ዳር ተሰማ፤ ሰውም በዚያ ቤት እንደዚያ ቀን ተዝናንቶ የበላበትና የጠጣበት ጊዜ አልነበረም። በማግሥቱ ወይዘሮ ግራንያ ጣታቸውን በምራታቸው ጣት ላይ ጭነው የወፊቱ ክንፍ ከደረትዋ የሚያያዝበትን ጥበብ አሳዩዋት፤ ማሬድም ዐሥራ ሁለቱን ወፎች አንድ በአንድ ሠርታ ጨረሰች፤ ሦስቱን ዶሮዎች ግን አልፈታቻቸውም፤ በቀሚሱ ጀርባ በኩል ሰፋቻቸው፤ ከጎናቸውም ቀንድ ያላት አንዲት ትንሽ ፍየል ጨመረችባቸው። ለብቻ የተሸከሙት ነውር ተራራ ነውና፤ ለሁለት የሳቁበት ግን ከፈትል ይቀላል።