ሳይፈጭ የሚዋጥ

ቀለም ቤቱ ውስጥ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም። ወንፊት ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አብረውት የሚሠሩት ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። ሌላው ቀማሚ ዱቄቱን ከዘይቱ ጋር አማስሎ «ይበቃዋል» ብሎ ክዳኑን ሲደፍን፣ እሱ ሁለቴ ካላጠለለ እጁን አይሰበስብም። ጓል የሚባል ነገር ጠላቱ ነው። ደንበኛው እየተቁነጠነጠ «ኧረ ለአጥር ነው የምቀባው፣ ለሙሽራ አይደለም!» ቢለውም ጆሮ ዳባ ልበስ። ነገር ካልላመ ቦታው አይደርስም ብሎ ያመነ ሰው ነው።

ጉድ የሠራው ይኸው እምነቱ ነው። ብቻውን ግን አልሠራውም፤ እሱን ስንደርስበት እናየዋለን።

ወንፊት ትልቁ አንጀቱ ቆስሏል። ጋብ ይላል እንጂ ጨርሶ የሚለቅ ሕመም አይደለም። ሲነሳበት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ደም ተቀላቅሎ ያስቀምጠዋል፣ ጥድፊያው ደግሞ ምሕረት የለውም። ሰው መንገድ ሲያስብ የሚሳፈርበትን ያስባል፤ እሱ የሚያስበው መንገዱ ላይ መጸዳጃ ቤት መኖሩን ነው። ስለዚህ ሠርግ ቀረ፣ ጥየቃ ቀረ፣ የእሁድ ካርታ ጨዋታ ቀረ። የሚያውቁት ሁሉ «ኮራ» ብለው ተዉት። ምነው ኩራት በሆነለት!

ሐኪሙ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ ኪኒን አዞለታል፤ ረዘም ያለ፣ ጡብ የመሰለ ቀለም ያለው። ወራት አለፉ፣ ለውጥ የለም። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት እያየ፣

«ይሄ ካልያዘልዎ ወደ ጠንካራዎቹ መድኃኒቶች እንሄዳለን። እነሱም ካልሆኑ ትልቁን አንጀት ቆርጦ እስከ ማውጣት ያደርሳል» አለው።

ከዚህ ሁሉ ወንፊት ጆሮ የገባው «ቆርጦ» የሚለው ብቻ ነው። ኪኒኑን በትክክል ይወስድ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን አፉን ሞልቶ «አንድም ቀን አልዘለልኩም» አለ። አልዋሸም። አንድም ቀን አልዘለለም።

ፋርማሲዋ ውስጥ ያን ቀን ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፤ ካርቶኑን በላስቲክ ጠቅልላ ከመስጠት ይልቅ ነገር መጠየቅ የምትወድ። ወንፊት እንዲህ ዓይነት ሰው አይመቸውም፤ ቢሆንም «ቆርጦ» የሚለው ቃል ከጆሮው አልወጣምና ቆሞ አዳመጣት።

«ለውጥ ከሌለ እስኪ እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ» አለችው።

ይሄ ቀላል ነው። ባንኮኒው ላይ በባዶ እጁ አሳያት፤ ኪኒኑን ትንሿ የብረት ሙቀጫ ውስጥ ይጥላል፣ ይደቁሳል፣ በሻይ ማጥለያ ያሳልፋል፣ የቀረውን መልሶ ይደቁሳል፣ ማር ላይ ነስንሶ በማንኪያ ይልሳል። ሲያሳያት ኩራት ቢጤ ተሰምቶታል። እንዲህ ተጠንቅቆ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ የት ታገኛለች?

«ይፈጩታል?»

«እንዴታ! እንደ ፊት ፓውደር እስኪልም ነው የምፈጨው።»

ልጅቷ አልሳቀችም፤ ለዚህ ዕድሜ ልኩን ያመሰግናታል።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቀለም እቀምማለሁ።»

«እሺ። የብረት በር ቀለም የሚቀባው ለምንድን ነው?»

«ዝናብ ብረቱን እንዳይበላው።»

«ይሄም የተቀባ ነው። ሽፋኑ የተደረገለት ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ነው። መድኃኒቱን ይዞ ቁስሉ ያለበት ድረስ ይወርድና እዚያ ይለቀዋል። ሲፈጩት ሽፋኑ ይጠፋል፤ መድኃኒቱ ከላይ ከላይ ያልቃል። እስካሁን ትልቁ አንጀትዎ ጋ የደረሰው እዚህ ግባ የሚባል አይመስለኝም።»

ወንፊት ፊቱ ጋለ። ስንቱን ደንበኛ «ቀለሙን አትፋቀው፣ ብረቱን ትገድለዋለህ» እያለ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ ለራሱ አንጀት የተላከውን ቀለም በየቀኑ ሲፍቅ ከርሟል።

«ለምን ይፈጩታል ግን? መዋጥ ያስቸግርዎታል?»

«ኧረ! ቢልም ይሻላል ብዬ ነው።»

እሷ ግን የገባት ነገር አለ መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ መጀመሪያ ጉሮሮን በውሃ ማራስ፣ ኪኒኑን በበቂ ውሃ መዋጥ፣ አገጭን ወደ ላይ አለመስቀል፣ ይልቅ ትንሽ ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ። አለመፍጨት፣ አለማኘክ፣ አለመቁረጥ። ሌላ ዓይነት፣ እያንዳንዷ ደቃቅ ፍሬ ተሸፍና የሚመጣ እንዳለ፣ እነሱ ጋ ግን እንደማይገባ ነገረችው፤ ከሐኪሙ ጋር እንዲነጋገርበትም መከረችው። በመጨረሻ፣

«ከፈሩ ደግሞ መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው ባለበት ይውጡት። መቼም ቤት ውስጥ ሰው አይጠፋም» አለችው።

«አይጠፋም» አለ ወንፊት።

ጠፍቷል እንጂ! ቤቱ ውስጥ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሚስቱ ባረፈች በዓመቱ ገደማ እራት ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ሰው ሲታነቅ አይጮህም፤ የተዘጋው መጮኺያው ነው። ተነሳ፣ ዞረ፣ ጀርባውን የሚመታለት ፈለገ። ከወንበር በቀር ማንም የለም። የወንበሩ መደገፊያ ላይ በሆዱ ወደቀበትና ቁራሹ ወጣ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሞትን ፈርቶ አይደለም። ቀለም ቤት «ወንፊት ዛሬ ቀረ» ይሉና፣ «ተዉት፣ ኮርቶ ነው» ብለው ሥራቸውን ሲቀጥሉ ታይቶት ነው። ሆድ ባሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚበላውን ሁሉ አድቅቆ ይቆርጣል፣ ሾርባ ያበዛል፣ ኪኒኑንም ያው ይወቅጣል። እንግዲህ የላመ ነገር መውደዱ ሰበብ ነበር፤ ዋናው የሚያስወቅጠው ብቸኝነቱ ነው።

ማታ፣ ከሥራ እንደገባ፣ ልጅቷ እንዳለችው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ውሃ ተጎነጨ። ኪኒኑን ምላሱ ላይ አደረገና ውሃውን አስከተለ። ውሃው ወረደ፣ ኪኒኑ አልወረደም፤ ጉሮሮው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ተፋው። ያ ኪኒን እንደማይሆን አውቆ ጣለው፤ ሌላ አወጣ። ቀለም ቤት ወስዶ እዚያ ልዋጠው ቢል አልሆነለትም፤ የምን ኪኒን ነው ብለው ይጠይቁታል፣ የአንጀት ነው ካለ እስከ ጡረታው መሳቂያ መሆኑ ነው። ሙቀጫዋን አያት። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪና ይሰማል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእሱ ጠና ያሉ ሴት። ድሮ በር ላይ ቆመው ብዙ ያወሩ ነበር። የልጃቸው ምረቃ ጊዜ ምሳ ጠሩት፤ ወንፊት ገና ሁለት ጉርሻ ሳይውጥ ተነስቶ፣ ለማንም ምንም ሳይናገር ወጥቶ ሄደ። በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ ሲተላለፉ ሴትየዋ ቁልፋቸውን የሚፈልጉ ይመስል ቦርሳቸው ውስጥ ይገባሉ። እሱም ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ደህና ዋሉ ማለት ተስኖታል።

በአንድ እጁ ብርጭቆ፣ በአንዱ ኪኒን ይዞ በራቸውን በክርኑ አንኳኳ። መኪናው ዝም አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ፣ ጎረቤትዎ።»

በሩ ገርበብ አለ። ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው መጀመሪያ ብርጭቆውን፣ ከዚያ መዳፉን አዩ።

«ውሃ ጠፋብህ?»

«አይ፣ ውሃስ አለ።»

«ታዲያ?»

«ኪኒን ልውጥ ነው። ብቻዬን መዋጥ እፈራለሁ። ካነቀኝ ጀርባዬን ይመቱልኛል ብዬ ነው።»

ሴትየዋ በሩን አልዘጉም፣ አልከፈቱም።

«የልጄን ምሳ ረግጠህ የሄድክ ሰውዬ፣ ዛሬ ጀርባዬን ይምቱኝ ብለህ መጣህ? ምነው ያን ቀን ብታዘኝ ኖሮ! ክንዴ እስኪዝል ነበር የምመታህ።»

ወንፊት ሊስቅ ፈለገ፣ አልሆነለትም። ለሐኪሙ እንኳ ያልተናገረው ነገር ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

«ያን ቀን አንጀቴ ነው እትዬ። ቆስሏል። ሲመጣብኝ ጊዜ አይሰጠኝም። ኮሪደሩን ሳልጨርስ ነው ያመለጠኝ። ልብሴን ቀይሬ ልመለስ ብል ፊት አጣሁ።»

ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ደግሞ ምግቡ ጨው በዝቶበት ነው እያልኩ ስንት ቀን ራሴን በላሁ» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ሌላ ነው። «ግባ። አትቁም እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ።»

ወንበሩ ላይ የተከመረውን ብጣሽ ጨርቅ ወደ አልጋው ወርውረው አስቀመጡት። ከኋላው ዞረው እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ይሰማዋል።

«በል እንግዲህ፣ እኔ ዝግጁ ነኝ። ቆይ፣ በጡጫ ነው በመዳፍ?»

«በመዳፍ፣ እትዬ። ካነቀኝ ብቻ።»

«አውቃለሁ። ደስ ይለኝ ነበር ብዬ ነው።»

ጉሮሮውን አራሰ። ኪኒኑን አስገባ። ውሃውን ጎንጨት አድርጎ አገጩን ዝቅ አደረገ። ያ የፈራው ጥርቅም የሚል ነገር መጣ። በዚያው ቅጽበት መዳፋቸው ጀርባው ላይ አረፈ። አልመቱትም። ዝም ብለው አስቀመጡት እንጂ፤ ከመቀስ ብዛት የጠነከረ፣ ሰፊና ሙቅ መዳፍ ነው። ጉሮሮው ላላ፤ ኪኒኑም እንደ ምንም ሾልኮ ሄደ።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ጓንት ካደረገው የሐኪም እጅ በቀር ሌላ እጅ እንዲህ ነክቶት አያውቅም። ይህን እስካሁን አላሰበውም ነበር፤ ሲያስበው ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ዞረውም እንዳያዩት ብርጭቆው ላይ አጎነበሰ።

«ወረደ?» አሉት ከኋላው፣ እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ።

«ገና ነው፣ እትዬ» አላቸው።