የአዲስ ገቢዎች አስተባባሪ

አቶ ከድሮ ከእንሴኖ ተነስተው ቡታጅራ የጥርስ ክሊኒኩ በር ላይ የደረሱት ገና ሳይነጋ ነበር። ባሂራ ጠዋት ሥራ ስትገባ ደጁ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጉንጫቸውን በእጃቸው ይዘው አገኘቻቸው።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ ከድሮ! ምነው እንዲህ ማልደው?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም ልጄ። ኧረ አርፍጃለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉና ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ጎረቤቴ አነበበችልኝ። ‹ቀጠሮዎ ነገ ሌሊት 8 ሰዓት ነው› ይላል። መጀመሪያ ለሰሁር የምትቀሰቅሱኝ መስሎኝ፣ ረመዳን ሳላውቅ ገባ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ለጥርስ ነው አለችኝ። መኪና የለ፣ ጅቡ መንገድ ላይ፤ በስምንት መድረስ አልሆነልኝም።»

ባሂራ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። ቀጠሮውን የያዘችው ራሷ ነበረች፤ የጻፈችውም «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላ ነው።

ባሂራ ወልቂጤ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ በጥሩ ውጤት ተመረቀች፤ በሙያዋ ሥራ ስታጣ በዶክተር አምሀ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ገባች። ክሊኒኩ ለታካሚዎቹ ማስታወሻ የሚልከው «ቀጠሮዬ» በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ነፃ ማለት ደግሞ ክፍያ የለውም ማለት ብቻ አይደለም፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ገልጦ ያነበዋል፣ ስህተት ካገኘ አርሞ ለባለቤቶቹ ይልካል።

ባሂራም ገልጣ አነበበችው። ነገሩ ወዲያው ገባት። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ቀን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምርበት አገር ኗሪ ነው። «2 ሰዓት» ሲባል ከእኩለ ሌሊት ሁለት ሰዓት ይቆጥርና፣ ከዚያ ለኢትዮጵያውያን ተጨንቆ «ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ይተረጉምላቸዋል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር፤ ቀጠሮው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ስድስት ሰዓት ጨምር። ዶክተሩ የአቶ ከድሮን መንጋጋ ነቅለው ሳይጨርሱ እሷ የክሊኒኩን ኮምፒውተር አርማ ጨረሰች።

«በቃ ተስተካከለ?» አሏት ዶክተር አምሀ ጓንታቸውን እያወለቁ።

«የእኛው ተስተካከለ። ግን ዶክተር፣ በዚሁ ፕሮግራም የሚሠራ ስንት ክሊኒክ አለ። በየከተማው ሰው በጅብ ሰዓት ሊወጣ ነው። ለባለቤቶቹ ልላክላቸው።»

«ላኪላቸዋ፤ ምን ይከለክልሻል?»

የሚከለክላት ነገር በእርግጥ አይታይም ነበር። የፕሮጀክቱ ገጽ ገና ሲከፈት «አዲስ ገቢዎች ሆይ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ለእኛ ትንሽ የሚባል አስተዋፅኦ የለም!» ይላል፤ በዙሪያው አበባ ተረጭቶበታል። ከሰላምታው በታች መመሪያ አለ። ከመመሪያው በታች የመመሪያው አነባበብ መመሪያ አለ። ባሂራ በታካሚና በታካሚ መሃል ሁለቱንም አንብባ እርማቷን ላከች።

ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ መልስ መጣ። የመለሰላት ሰው ሳይሆን «ደስታ» የተባለ የፕሮጀክቱ አውቶማቲክ ረዳት ነበር። «ሰላም ባሂራ! በመምጣትሽ እጅግ ደስ ብሎናል! እርማትሽ ርዕሱ በእንግሊዝኛ ትንሽ ፊደል ስላልጀመረ ውድቅ ሆኗል።» ርዕሱን አስተካክላ ላከች። «ሰላም ባሂራ! በመምጣትሽ እጅግ ደስ ብሎናል! እርማት ከመላኩ በፊት ውይይት መከፈት ስላለበት ውድቅ ሆኗል።» ውይይት ከፈተች። «ሰላም ባሂራ! እጅግ ደስ ብሎናል! እርማት ያልተያያዘበት ውይይት አናስተናግድም።» በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ ስትልካቸው ደስታ ዝም አለ። ባሂራ የዚያን ዕለት የተደሰተችው ደስታ ዝም ሲል ብቻ ነው።

በማግስቱ ሰው ጻፈላት። ደረጄ ይባላል፤ ከስሙ ሥር «የአዲስ ገቢዎች አስተባባሪ» የሚል ማዕረግ አለው። በእንግሊዝኛ፣ በብዙ ፈገግታ አጅቦ፣ ሥራዋ ግሩም መሆኑን ገለጸላት። ሆኖም የፕሮጀክቱ ኮሚቴ በኢትዮጵያ ሰዓት ከንጋት ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚያረጋግጥ፣ ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው ማስረጃ እንድታያይዝ ይጠይቃል።

ባሂራ የሰውየውን አድራሻ ተመለከተች። «አዲስ አበባ» ይላል። በአማርኛ ጻፈችለት።

«ወንድሜ፣ አንተ አዲስ አበባ አይደለህም እንዴ? እስቲ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ተኩል» አለ እሱም በአማርኛ። «ግን እኔ የኮሚቴው አባል ስለሆንኩ ማስረጃ መሆን አልችልም።»

የክሊኒኩን የግድግዳ ሰዓት ፎቶ አንስታ ላከች። ሰዓቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ተባለ። ዶክተር አምሀ ተናደው፣ የአገሩ አቆጣጠር ይኸው ነው ብለው በክሊኒኩ ማህተም የተረጋገጠ ወረቀት ሰጧት። ማህተሙ ደብዝዟል ተባለ። ከዚያ አንድ የኮሚቴ አባል ተነሥቶ፣ ሰዓት ከማረም ይልቅ «ሌሊት» የሚለውን ቃል «ማለዳ» በሚል ብንተካው ታካሚው ቅር አይለውም ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሌላው «ማለዳ» ቅኔ ቅኔ ይላል አለ። በዚህ ላይ ብዙ ተጻፈ። የኢትዮጵያውን ሰዓት ሁሉም ረሳው፤ ባሂራን ግን አልረሷትም፤ ውይይቱን ስላነሳሳች አመሰገኗት። ከዚያ ጸጥ አለ።

እሷ መልስ ስትጠብቅ ከረመች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኳ ጮኸ። «ሰላም ባሂራ! ጥሩ ቆይታ ነበር! ጉዳይሽ ላይ እንቅስቃሴ ስላልታየ ተዘግቷል።»

ግቢ ተብላ፣ ወንበር ተስቦላት፣ ልትቀመጥ ስትል ወንበሩ የተነሳባት ያህል ተሰማት። ዶክተር አምሀ መልእክቱን ከትከሻዋ በላይ አነበቡት።

«እኔ ያልገባኝ» አሉ፤ «ያላመኑት ሰዓቱን ነው ወይስ አንቺን?»

ባሂራ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ጥያቄው ግን ቤቷ ድረስ ተከተላት።

ከዚያ ጥሪ መጣ። ፕሮጀክቱ ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ «አዲስ ገቢዎች ለምን አይመጡም?» በሚል ርዕስ ለወጣቶች ሥልጠና አዘጋጅቷል። «ሥልጠናው ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ይጀምራል። እባክዎ አያርፍዱ» ይላል መልእክቱ። ባሂራ ሳቋ አመለጣት። ዓርብ በሚኒባስ ወልቂጤ ሄዳ አክስቷ ቤት አደረች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ከባጃጅ ወርዳ ሆቴሉ ገባች።

አዳራሹ መቶ ሰው ይይዛል። በየወንበሩ ላይ ቲሸርት፣ እስክሪብቶና ውኃ ተቀምጧል። መድረኩ ላይ «በራችን ክፍት ነው» የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ በሩ ላይ ደግሞ አንድ ወጣት ባጅ አንጠልጥሎ መንገዱን ያያል። ባጁ ላይ «ደረጄ» ይላል። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ሁለት ሰው» አለ ደረጄ ባሂራ ስትገባ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «መቶ ወጣት ነው የጠራነው። እኔ ሪፖርቴ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የክልል ወጣት ፍላጎት የለውም።»

«ፍላጎትማ አለን» አለች ተማሪዋ፤ ናዝራዊት ትባላለች። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ኑ ስትሉን ጓደኞቼ አጭበርባሪዎች ናቸው ብለው ቁጥራችሁን ዘጉት። እኔ የመጣሁት እውነት የሚባል ሥልጠና ካለ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ደረጄ ስልኳን ተቀብሎ መልእክቱን አነበበ። ቲሸርት ላይ ተቀመጠ።

«በምን ነው የላካችሁት?» አለች ባሂራ፣ እያወቀች።

«በ‹ቀጠሮዬ›።»

«ባሂራ እባላለሁ። ከቡታጅራ።»

ስሟን ሲሰማ ቀና አለ። «የግድግዳ ሰዓቷ?»

«ሰዓቱ አልተበላሸም።»

ደረጄ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባሂራ በመንገድ ላይ ያሰናዳችው ብዙ ንግግር ነበራት፤ ልጁን እንዲህ ስታየው ግማሹ ጠፋባት።

«እሺ፣ ያለፈው አለፈ» አለችው። «ኮምፒውተርህ ይኸው። አሁን ክፈትና እርማቴን አስገባው።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«የማስገባት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መሥራቹ። እሱ ደግሞ ከጥምቀት ወዲህ ለማንም መልስ አልሰጠም።»

«አንተ ታዲያ የሠራኸውን እንዴት አስገባህ?»

ደረጄ መሬት መሬት አየ። «ያስገባሁት የለም። እኔም አንዲት እርማት ልኬ ነበር፤ ስሜ ላይ ያለውን ‹ጄ› ወደ ‹ጀ› ይቀይርብኝ ስለነበር። እስካሁን ውይይት ላይ ነው። ምን ደረሰ እያልኩ ቶሎ ቶሎ ስጠይቃቸው አስተባባሪ አደረጉኝ።»

ናዝራዊት ቀድማ ሳቀች። ባሂራ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ አልቻለችም። በመጨረሻ ደረጄም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው።

«ስማኝ» አለች ባሂራ እንባዋን እየጠረገች። «የፕሮግራሙ ፈቃድ ላይ ምን ተጽፏል? ማንም ሰው ቅጂውን ወስዶ፣ አሻሽሎ፣ በሌላ ስም ለሕዝብ ማቅረብ ይችላል። እኛስ ለምን አንወስደውም?»

«ቅጂ ወስዶ መሄድን እኮ መገንጠል ነው የሚሉት» አለ ደረጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እዚህ ከተማ ውስጥ ይችን ቃል ጮክ ብለህ አትናገር» አለችው ናዝራዊት። «ሌላ ስብሰባ ያስጠሩብናል።»

ሦስቱም ከባነሩ ሥር አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ባሂራ ቅጂውን አወጣች፣ ሰዓቱን አረመች፤ የደረጄን «ጄ» መለሰችለት። ናዝራዊት መመሪያውን ጮክ ብላ እያነበበች «ይሄ ምን ማለት ነው?» ስትል ይቆማሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ማስረዳት ካቃተው አንቀጹን ይሰርዙታል። እየሰረዙ ሄደው ሄደው ከመመሪያው የተረፈው የባሂራ ስልክ ቁጥርና «ካልገባችሁ ደውሉ» የሚል ብቻ ሆነ። ለመቶ ሰው የታዘዘው ክትፎ ሲመጣ አስተናጋጆቹንና ውጭ የቆሙትን የባጃጅ ሾፌሮች ጠርተው አብረው በሉ። ከሾፌሮቹ አብዛኞቹ ቲሸርቱን ለብሰው ወጡ።

ከምሳ በኋላ ናዝራዊት አንድ የፊደል ግድፈት አግኝታ አረመችው። «አሁን ለማን ነው የምልከው?» አለች።

«ለእሱ» አለች ባሂራ ወደ ደረጄ እያመለከተች።

ደረጄ እርማቷን በጥንቃቄ አየው። «ተቀበል» የሚለው ቁልፍ ላይ ጣቱን አድርጎ ትንሽ ቆየ። በሕይወቱ ሙሉ ያንን ቁልፍ ከሩቅ ነበር የሚያውቀው። ከዚያ ተጫነው፤ «እንኳን ደህና መጣሽ» አላት፤ ይህን ቃል ለስንቱ ሲጽፍ ኖሮ ለሰው ፊት ለፊት ሲለው የመጀመሪያው መሆኑን እየሳቀ ነገራቸው።

አዲሱ ቅጂ በዶክተር አምሀ የሙያ ጓደኞች በኩል ከክሊኒክ ወደ ክሊኒክ ተዛመተ። ደረጄ ከኮሚቴው ለቀቀ፤ መልቀቂያው ግን ርዕሱ በትንሽ ፊደል ስላልጀመረ ተመልሶበት ነበር።

ወራት አልፈው የዋናው ፕሮጀክት መሥራች ከተሰወረበት ተገኘ። ለባሂራ ረጅም ደብዳቤ ጻፈላት። ለዓመታት ብቻውን ሲሠራ ደክሞት ማረፉን፣ ሲመለስ ብዙ ተጠቃሚ ወደ እሷ ቅጂ መሄዱን በማየቱ መደነቁን ገለጸ። ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ በጥልቀት ተወያይቷል። ችግሩ አዲስ ገቢዎችን የሚያበረታታ ጠንካራ ሰው መጥፋቱ መሆኑን ደርሶበታል። ስለዚህም ለእሷ ታላቅ ክብር ያለው፣ አሁን ክፍት የሆነ አንድ ቦታ ሊሰጧት ወስነዋል፤ የአዲስ ገቢዎች አስተባባሪነት።

ባሂራ ደብዳቤውን አንብባ ሳትጨርስ ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ። ዑመይር እባላለሁ፤ ወራቤ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ይቅርታ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ፕሮግራማችሁ ረጅም ስም ሲገጥመው ቆርጦ ያስቀረዋል። ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ይሆናል…»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ኮምፒውተሩ ፊትህ ነው?»

«አዎ።»

«በል ስልኩን አትዝጋው» አለችና የመሥራቹን ደብዳቤ ከስክሪኗ ዘጋችው። «ክፈትና አብረን እንየው።»