ሠርጉ ይለፍ

ልብስ ሰፊዋ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። የደንበኛ ወገብ ሲሰፋ እንኳ፣ "ሜትሬ ነው ያጠረው ወይስ አንተ ነህ የተመቸህ?" ሳትል አታልፍም። በታናሽ እህቷ እግር ግን አንድም ቀን ቀልዳ አታውቅም።

ታናሽየዋን አርባ ዓመት ቢያልፋትም ሁሉም ሚጢ ነው የሚላት። በልጅነቷ፣ ረግረጉ ዳር ሲኖሩ፣ ባቷ ላይ የወጣ ቁስል ከርሞ ከርሞ ሲድን የተጨማደደ ጠባሳ ትቶባት ሄደ። ጎረቤት ሁሉ "የዘር ነው" ብሎ አወራ። ከዚያ ወዲህ ታላቋ የሚጢን ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ታስረዝማለች።

አንድ ቀን ሚጢ ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ፣ "እትዬ፣ ጠባሳው ላይ የሆነ ነገር በቅሏል፤ ይደማል" አለቻት። ሽንብራ የምታህል እብጠት ናት።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። የልጇ ሠርግ ቀኑ ተቆርጧል፤ የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ዘር ቆጣሪዎች ናቸው።

"በሞቴ፣ ሠርጉ ይለፍ" አለቻት። "ሐኪም ቤት ስትመላለሺ ካዩሽ አለቀልን።"

"እሺ" አለች ሚጢ። ከእሺ ሌላ መቼ ታውቃለች!

ሙሽራው ቤት ሐዘን ገባና ሠርጉ ተራዘመ። እብጠቱ ግን ማንን ይጠብቃል? እየሰፋ፣ እየሸተተ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ሽታው እንዳይወጣ ለቀሚሱ ድርብ ገበር አበጀችለት፤ በስፌቷም ኮራች። በሠርጉ ዕለት ሚጢ እያነከሰች ጨፈረች። የጠረጠረ የለም።

በሳምንቱ ሐኪም ፊት ቀረቡ። ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱም መጣ።

"የዘር አይደለም፣ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም" አለ ሐኪሙ። "በቆየ ጠባሳ ላይ አንዳንዴ የሚነሳ የቆዳ ካንሰር ነው። እንደ ጀመረዎት ቢመጡ እሱን ብቻ ቆርጠን እናወጣው ነበር። አሁን አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ እግርዎ መቆረጥ አለበት።" ከዚያ ቆጣ አለ። "ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ይጠብቁ ነበር?"

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። "እኔ ነኝ" ልትል ነበር፤ ምላሷ ተሳሰረ።

"የኔው ስንፍና ነው፣ ዶክተር" አለች ሚጢ ጭኗን እያሻሸች። "እትዬማ ሂጂ ሂጂ ብላኝ ነበር።"

የልብስ ሰፊዋ ፊት ነደደ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን ይህን ስትሰማ ደረቷ ቀለል ብሎታል፤ ከሁሉም ያሳፈራት ይኸው ነው።

"እህትዎን ቢሰሙ ኖሮ!" አለ ሐኪሙ። ወደ ታላቋ ዞሮም፣ "ነግረዋት ነበር አይደል?" ሲል ጠየቃት።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን እንደ ደፋች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።