የባላምባራስ ሁለተኛ ዓይን

አቶ መኩሪያ ገርጂ ባሠሩት ሆቴል ስምንተኛ ፎቅ ላይ የቤተሰብ ሙዚየም ሊከፍቱ ነው። ምረቃው ቅዳሜ ነው። ሙዚየም ሲባል ብዙ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጎራዴ፣ ሁለት የቀንድ ዋንጫ፣ እሳቸው ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሲጨባበጡ የተነሷቸው አሥራ ሰባት ፎቶግራፎችና አንድ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ግን የምር አሮጌ ነው። አያታቸው ባላምባራስ ወልደጻድቅ ለእልፍኛቸው ያሠሩት ስቅለት ሲሆን፣ ከመስቀሉ ግርጌ ራሳቸው ባላምባራስ ካባ ደርበው፣ እጃቸውን ለጸሎት ዘርግተው ተንበርክከዋል።

የባላምባራስ ፊት የተሣለው በጎን ነው። ሁለተኛው ዓይናቸው ታዲያ ከአፍንጫቸው ወዲያ፣ ከፊታቸው ውጪ፣ አየር ላይ ተንሳፏል። ጤነኛ ሰው ቢሆን ይህ ዓይን እዚያ ምን ይሠራል ብሎ ይጠይቅ ነበር። የሆቴሉ የማርኬቲንግ ኃላፊ አብኔዘር ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ የሥራ ዕድገት ያገኘ ሠራተኛ አይቶ አያውቅም። ዓይኑ ወደ ፊት የወጣው የባላምባራስን አርቆ አሳቢነት ለማሳየት መሆኑን ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። አቶ መኩሪያ አንብበው እንባቸው መጣ። ከዚያ ወዲህ ያ ተንሳፋፊ ዓይን የሆቴሉ ዓርማ ሆኖ በፎጣው፣ በሳሙናው፣ በሊፍቱ በር ሳይቀር ተለጠፈ።

ጣጣው የመጣው ሥዕሉ ከምረቃው በፊት ይጽዳ ሲባል ነው። የቅርስ ጥገና ባለሙያ ተፈልጋ ሃረገወይን የምትባል ሴት ከየካ አባዶ በሁለት ታክሲ መጣች። አቶ መኩሪያ ማሽን፣ ካልሆነም አንድ ሁለት ጠርሙስ መድኃኒት ይዛ ትመጣለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቀለለች፤ ጥጡን አፏ ውስጥ ከታ አረጠበችና የባላምባራስን ካባ ቀስ አድርጋ ጠረገች።

"አያቴን በምራቅ?" አሉ አቶ መኩሪያ።

ሃረገወይን ሳትቆጣ አስረዳቻቸው። ምራቅ ቀለሙን ሳይጎዳ ቅባትና ጥላሸት ያነሳል፤ በሙያው የታወቀ ዘዴ ነው። አቶ መኩሪያ ይህንንማ ድመትም ታውቀዋለች እያሉ፣ እያጉረመረሙ ወጡ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አስጠራቻቸው። መጥተው ቢያዩ የባላምባራስ ሁለተኛ ዓይን የለም። ጥጡ አንድ ጊዜ ሲነካው ከጥላሸቱ ጋር ተነስቶ መጥቷል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ሰይጣን ነው፤ ገራፊው ነው፤ ኃጥኡ ነው። እዚያው ሥዕል ላይ ጦር የያዙት ወታደሮች በሙሉ አንድ አንድ ዓይን ነበራቸው። ባላምባራስም ከነካባቸው ከእነሱ ጋር ተደመሩ።  አቶ መኩሪያ ቅዳሜ ሦስት መቶ እንግዳ ጠርተው፣ የአያታቸውን ጽድቅ ሊያሳዩ ተነስተው፣ ኃጢአታቸውን መብራት አብርተው ሊያሳዩ ነው።

ዓይኑን አሁኑኑ መልሺው አሏት። ሃረገወይን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነሳቻቸውን ፎቶግራፎች አሳየቻቸው። ያ ዓይን የሠዓሊው ሥራ አልነበረም፤ ጭራሽ ቀለምም አልነበረም። የሴት ኩል ነው።

"ሠዓሊው ያልሣለውን ሥሎታል ብዬ የጥገናው ሰነድ ላይ አልፈርምም፣ ጋሼ" አለቻቸው።

አቶ መኩሪያ አንድ ተስፋ ቀርቷቸው ነበር። ከባላምባራስ ልጆች በሕይወት ያሉት አክስታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ብቻ ናቸው፤ የአቶ መኩሪያ እናት ከሞቱ ወዲህ ልጁን ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። እቴቴ የሚሏቸው እኚህ አክስት መጥተው አባቴ ሁለት ዓይን ነበራቸው ካሉ፣ ማን ይከራከራቸዋል? ሐሙስ ጠዋት ከሃያ ሁለት ሰፈር በመኪና አስመጧቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት ሥዕሉ ፊት ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ኩሉ የእኔ ነው አሉ።

መኩሪያ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ የሰፈር ልጆች አያትህ ከኃጥኣኑ ጋር ነው የተሣለው ብለዋቸው እያለቀሱ ገቡ። እህል አልቀምስ አሉ። ልጃገረዷ የሺመቤት የኩል መኳያዋን አውጥታ ወንበር ላይ ወጣች።

"አባባን ማቅናት አልቻልኩም" አሉ አሮጊቷ። "ሥዕሉን አቀናሁልህ።"

ባላምባራስ በሐሰት ምስክር የሙት ልጆችን መሬት ወስደው ነበር፤ ሠዓሊው የዚያው አገር ሰው ነው፤ ግፉን ያውቃል። አቶ መኩሪያ ይህን ሰምተው ማመን አቃታቸው። ያን ሁሉ ዘመን እልፍኛቸው ውስጥ ተሰቅሎ፣ ባላምባራስ ራሳቸው አላዩትም ወይ?

"አዩት እንጂ። ካባው በደንብ መሣሉን አይተው ደስ አላቸው።"

"ማንም አልነገራቸውም?"

"ማን ደፍሮ? የገባው ሁሉ አየ፣ አደነቀ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ወጣ።"

አብኔዘርም ከጀርባቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። ስልኩ ላይ አዲስ ዓርማ ነድፎ ጨርሷል።

"እንዲያውም ጋሼ፣ አንድ ዓይን ይሻላል" አለ። "ፎከስ ያሳያል።"

አቶ መኩሪያ ዞር ብለው አዩት። ይህን ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ አምነውታል፤ አርቆ አሳቢ ሲላቸው አርቀው ያሰቡ መስሏቸው ነበር። አሁን ፈሩ። ወንበራቸውን ወደ አክስታቸው አስጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እቴቴ፣ ያ ሠዓሊ ዛሬ ቢኖርና እኔን ቢሥለኝስ?"

 ወይዘሮ የሺመቤት በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ።

"እዚህ ድሮ አምጥተኸኝ ነበር" አሉ። "ሕንፃው ሳይሠራ፣ ጤፍ ተዘርቶበት። ባለቤቱ ጋሽ ቶላ እርጎ አጠጡን። ለዚህ ሁሉ መሬት ምን ያህል ጥቂት ብር እንደሰጠሃቸው የነገርከኝን አልረሳሁም። አሁን የት ደረሱ?"

አቶ መኩሪያ የት እንደደረሱ በደንብ ያውቃሉ። በየስብሰባው እንደ በጎ ሥራ የሚያነሱት ነገር ነው።

"ታች በር ላይ ናቸው። ዘበኛ አድርጌ ቀጥሬያቸዋለሁ" አሉ።

ይህን ሲናገሩ ሁልጊዜ ይጨበጨብላቸው ነበር። ዛሬ ያጨበጨበ የለም፤ አብኔዘር እንኳ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።